የቄስ አምብሮዝ መጽሐፍ አምስት ስሞች

ታድልቢ፣ ኖርፎክ፤ የመስከረሙ የሚካኤል በዓል ማግስት፣ 1641

ለተወደድሽው የወንድሜ ልጅ ለዶርቃ ፔክ፣ በለንደን በሦስቱ ሽመላዎች ምልክት ሥር ለምትገኘው የማተሚያ ቤት እመቤት፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ሳልሽስ ለቀቀሽ? እኔ ከጉልበቴና ከምእመናኔ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። የአባትሽንና የባልሽን ነፍስ ያሳረፈ አምላክ ቤትሽን ከእሳት፣ ወረቀትሽን ከአይጥ ይጠብቅልሽ።

መጽሐፌ ታትሞ አለቀ ያልሽበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ለቤት ሠራተኛዬ ለማርጀሪ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት፤ በሦስተኛው «ዶሮዎቹን ላብላ» ብላ ወጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የደከምኩበት «የዓለም ታሪክ ከአዳም ጀምሮ እስከ ታድልቢ ደብር ድረስ» በመጨረሻ ሰው እጅ ሊገባ ነው። እርግጥ አንደኛው ክፍል የሚያልቀው የጥፋት ውኃ ሲጎድል ስለሆነ ታድልቢ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረኛል። ቢሆንም ስድስት መቶ ገጽ የጻፈ ሰው ቸኮለ አይባልም፣ ዘገየም አይባልም።

ደራሲ የሚፈልገው ምን መሰለሽ? እስከ መጨረሻው የሚያነበው አንድ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ያ ሰው አንቺ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ። ምዕራፍ ሰባት ደርሰሻል? ደርሰሽ ከሆነ፣ ልትልኪልኝ የምታስቢው ነገር ይኖራል። ጋሪ ነጂው ኖክስ ሐሙስ ሐሙስ ከለንደን ይነሳል። ስምሽን ያወጣሁልሽ እኔ መሆኔን አትርሺ፤ የሐዋርያት ሥራዋ ዶርቃ በምን እንደምትታወቅም አስቢበት።

ማርጀሪ አንዲት ዝይ ልካልሻለች።

አጎትሽ ቄስ አምብሮዝ ዊንትል


ለንደን፤ ከቅዱሳን ሁሉ በዓል በኋላ ባለው ሳምንት፣ 1641

ይድረስ ለተከበሩትና ለምወድዎት ለአጎቴ ለቄስ አምብሮዝ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎንስ እንዴት አድርጎታል? እኔ በእርስዎ ጸሎትና በማርጀሪ ዝይ ደህና ነኝ። ዝይዋ መንገድ ላይ ትንሽ ሸትታ ነበር፤ ለሠራተኞቼ ግን አልነገርኳቸውም።

ምዕራፍ ሰባት በጣም ጥሩ ነው። ስድስትም ጥሩ ነው፤ ስምንትም አይከፋም። የሚላክ ነገር ስላሉኝ አንድ በርሜል የጨው ዓሣ በኖክስ ጋሪ ልኬያለሁ።

አሁን ገበያውን ልንገርዎ። እንደ ደንባችን ስሙ የታተመበትን የፊተኛውን ቅጠል ብቻ በየምሰሶው ለጠፍን። ሰው ሁሉ ቆሞ ያነባል፤ «ከአዳም ጀምሮ» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ቸኩሎ እንደነበር ትዝ ይለዋል። በዚህ ከተማ ዘንድሮ የሚሸጠው ስምንት ገጽ ወሬ ነው። ቆመው ያነቡታል፣ ይጣሉበታል፣ ከዚያ አይብ ይጠቀልሉበታል። ግማሹ የንጉሡ ወገን ነው፤ ግማሹ የፓርላማው። የአዳም ወገን ነኝ የሚል አንድ ሰው እንኳ አላገኘሁም።

ስለዚህ በሙያችን የተለመደውን አደረግሁ። ያልተሸጠው መጽሐፍ እንዳለ ሆኖ የፊተኛው ቅጠል ተቀዶ አዲስ ይገባለታል። አይቆጡ፤ ሁሉም ያደርገዋል። ሟቹ ባሌማ አንድ የጸሎት መጽሐፍ የፈረስ ሕክምና ብሎ ሸጦ ያውቃል፤ ቅር ያለው ሰው አልመጣም። አሁን የእርስዎ መጽሐፍ «ለንጉሥ መታዘዝ የእግዚአብሔር ትእዛዝ ስለመሆኑ፣ ከጥንት ታሪክ የተወሰደ የማያዳግም ማስረጃ» ይባላል። ውስጡን አንዲት ፊደል አልነካሁትም።

የምትወድዎት ዶርቃ


ታድልቢ፤ ከልደት በዓል በሦስተኛው ቀን፣ 1641

ለዶርቃ፤

የበዓሉ ጌታ ሰላሙን ያብዛልሽ። ዓሣው ደርሷል። በርሜሉ ላይ ያለው ማኅተም የእኛው የኖርፎክ ባሕር ዳርቻ ነው። ዓሣው ከዚህ ተነሥቶ፣ ለንደንን ጎብኝቶ፣ በጋሪ ተመልሶ መጣ። ማርጀሪ «እኔ እንኳ ያላየሁትን ከተማ አየ» ብላ በአክብሮት ቀቀለችው።

የመጽሐፌን አዲስ ስም ሳነብ ወንበር ፈለግሁ። ንጉሥ? በመጽሐፌ ውስጥ እኮ አንድም ንጉሥ የለም! ውኃው ገና እየጎደለ ነው፤ ማን በማን ላይ ይነግሣል? ይሁን እንጂ ልዋሽሽ አልችልም፤ ባላባታችን ሰር ጊልበርት መጽሐፉን ገዝቶ ሁለት እሑድ አከታትሎ ምሳ ጋብዞኛል። «ነገሥታቱን እንዴት አድርገህ እንዳከበርካቸው!» ሲለኝ አፌን በሥጋ ሞልቼ ራሴን ነቀነቅሁ።

ደስ ያላለው ቆዳ ፋቂው ሕዝቅያስ ትሪፕ ነው። እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስብከቴን ስጨርስ እሱ መቃብሩ መሐል ቆሞ የራሱን የሚጀምረው ሰው። መስኮቱ ላይ ያለው የመልአክ ሥዕል ጣዖት ነው ይላል፤ የእኔ ነጭ ቀሚስም ጣዖት ነው ይላል። አሁን ደግሞ መጽሐፌ ታከለበት።

«ምዕራፍ ሰባት በጣም ጥሩ ነው» ብለሻል። እንዲህ የሚባለው ለሾርባ ነው፣ ልጄ። የጠየቅሁሽ ዓሣ አይደለም።

አጎትሽ አምብሮዝ


ለንደን፤ ከሚካኤል በዓል በኋላ፣ 1642

ይድረስ ለአጎቴ፤

ዓመት ሊሞላ ሲል ስጽፍልዎ አፍሬ ነው። በቀን ሁለት ወሬ እያተምኩ፣ ማታ የታተመው ጠዋት ውሸት ሆኖ እያደረ፣ እንኳን ደብዳቤ ልጽፍ ፀጉሬን የማበጥርበት ጊዜ አጣሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሳላስብዎ የዋልኩበት ቀን የለም።

ንጉሡ ከተማውን ለቆ መውጣቱን፣ ጦርነትም መጀመሩን ሰምተዋል። መታዘዝም አብሮት ወጣ። «ለንጉሥ መታዘዝ» የሚል መጽሐፍ መስኮቴ ላይ አይተው ድንጋይ የወረወሩብኝ ጊዜ፣ ያለኝ ምርጫ ሁለት ነበር፤ መስኮቱን መቀየር ወይም ቅጠሉን። ቅጠሉ ይረክሳል። መጽሐፍዎ አሁን «የክፉ ነገሥታት ሥራ ሲገለጥ፣ በአንድ የእግዚአብሔር ሰው እንደተጻፈ» ይባላል።

ገዢዎች የደራሲው መልክ ይግባበት አሉ። አዲስ የእንጨት ሥዕል ለማስቀረጽ ፋታ ስላልነበረኝ ባሌ ከተወልኝ ውስጥ ጺም ያለውን መረጥኩ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ቀድሞ የተሰቀለ የባሕር ወንበዴ ነበር። ገመዱን ግን በቢላ አስፍቄዋለሁ።

ምን እንደፈለጉ ገብቶኛል ብዬ አስባለሁ። ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ልኬያለሁ።

ዶርቃ


ታድልቢ፤ የዐቢይ ጾም መግቢያ፣ 1643

ለዶርቃ፤

ገመዱ በደንብ አልተፋቀም።

የመንደሩ ልጆች ሲያዩኝ አንገታቸውን ይይዛሉ። ሰር ጊልበርት መጽሐፉን ኩሬ ውስጥ ወረወረው፤ ስድስት መቶ ገጽ ነውና ለመስመጥ ብዙ አላስቸገረም። ምሳውም አብሮ ሰጠመ። ከሁሉ የከፋው ግን ትሪፕ በገበያ መሐል እጄን ጨብጦ «ዓይኖችህ ተከፈቱ!» ማለቱ ነው። እጁ የቆዳ መንከሪያ ይሸታል፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሞኙ፣ አንቺ ወረቀቱ። በአንድ ሀገር ውስጥ ያንኑ ቃል ጽፌ የንጉሥ ባሪያም የንጉሥ ጠላትም ሆንኩ፤ አንዳቸውም ገጽ ገልጠው አላዩም።

ለካልሲው አመሰግናለሁ። ተቃርበሻል፤ አቅጣጫው ግን ወደ ላይ ነው። ጊዜ አጣሁ አትበዪኝ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እውነቱን ንገሪኝ፤ ምዕራፍ ሰባትን አንብበሻል?

አምብሮዝ


ለንደን፤ የሐምሌ መጀመሪያ፣ 1643

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሰላምና ጤና ከእርስዎ ጋር ይሁን። በአጭሩ እጽፋለሁ፤ ኖክስ ፈረሱን ጭኖ እየሰደበኝ ነው።

ፓርላማው ያለ ፈቃድ ማተም ከልክሏል። ፈቃድ የሚሰጠው ሰውዬ «ንጉሥ» የሚል ቃል ሲያይ ያስነጥሰዋል፤ «ፓርላማ» የሚል ሲያይም ያስነጥሰዋል። ጥጃ ግን ምንም አያደርገውም። ስለዚህ መጽሐፍዎ ከሰኞ ጀምሮ «በኖርፎክ ስለተወለደው ባለ ሁለት ራስ ጥጃና ስለ ትርጉሙ» ሆኗል። የጥጃው ሥዕል ወንበዴው አጠገብ ገብቷል፤ የቆዩ ጓደኛሞች ነው የሚመስሉት።

ደስ ይበልዎ፤ እንዲህ ተሽጦ አያውቅም! ጥጃውን ሲያጡ ሰዎች ተቆጥተው ይመለሱብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድም አልመጣ። ከጥጃው አልፎ የሄደ ያለ አይመስለኝም።

ስለ ምዕራፍ ሰባት በሰፊው እጽፍልዎታለሁ። አንድ ትልቅ የከተማ አይብ ልኬያለሁ።

ዶርቃ


ታድልቢ፤ በዓለ ሃምሳ፣ 1644

ለእመቤት ዶርቃ ፔክ፤

አንድ ዓመት ሙሉ ያልጻፍኩልሽ ስለ ጥጃው ነው። አራት ሰዎች ጥጃውን ለማየት ከሩቅ አገር መጥተው፣ የለም ስላቸው በረቴን ፈተሹ። አይቡ ጥሩ ነበር። አሁን የምጽፈው ግን ለቀልድ አይደለም።

ፓርላማው የየደብሩን ቄስ የሚመረምሩ ሰዎች ሾሟል። ለእኛ ወረዳ የተሾሙት ሦስት ናቸው፤ አንደኛው ሕዝቅያስ ትሪፕ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት መጽሐፎቼን ደርድሯል። በአንዱ የንጉሥ አጫፋሪ ነኝ፤ በሌላው የነገሥታት አሳዳጅ፤ በሦስተኛው የሌለ ጥጃ አለ ብዬ ሕዝብ አሳሳትሁ። አንድ ሰው ሁለት አፍ ካለው ነፋስ እያየ የሚሰብክ ነው፤ ደብር አይገባውም ብሏል። ከተፈረደብኝ ቤቱን፣ የአትክልት ቦታውንና አባትሽ የተቀበረበትን ግቢ ለሌላ ቄስ አስረክቤ እወጣለሁ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። ማርጀሪ ድስቶቹን በገለባ መጠቅለል ጀምራለች፤ ባትናገርም ታለቅሳለች።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ የመጨረሻዬ ነው። ሦስቱም አንድ መጽሐፍ እንደሆኑና ስለ ምን እንደሆኑ ጽፈሽ፣ ምስክርነትሽን ከመከር በዓል በፊት ላኪልኝ። ያነበብሽው አንቺ ነሽና።

አምብሮዝ ዊንትል


ታድልቢ፤ ከመከር በዓል በኋላ፣ 1644

ለዶርቃ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ምስክርነትሽ አልመጣም። መንገዱን ወታደሮች ዘግተውታል ይባላል፤ እኔም እንደዚያ ነው ብዬ ለማርጀሪ ነግሬያታለሁ።

ጉባኤው የተሰየመው በገበያው መጠጥ ቤት ሰገነት ላይ ነው። ታች ያለው ሰው ሁሉ ጠርሙሱን ይዞ ወጣ። ትሪፕ ጥቁር ለብሶ ተቀምጧል። ስድስት ልጆቹን ያጠመቅሁለት፣ ሁለቱን የቀበርኩለት ሰው፣ አንተ አለኝ።

«አንተ የንጉሡ ወገን ነህ?»

«መጽሐፌ ስለ ንጉሥ አንዳች አይልም።»

«የፓርላማው ወገንስ?»

«ፓርላማም አልነበረም። ኖኅና ቤተሰቡ ነበሩ፤ ድምፅ አልሰጡም።»

ሰገነቱ ሳቀ። አንዱ ከኋላ «ጥጃውስ?» ብሎ ጮኸ። ሌላው መርማሪ «ሰውየው ያላግጣል፤ እንፍረድና እንብላ» አለ። ያኔ ነው ትሪፕ እጁን ጠረጴዛው ላይ የጣለው።

«ዝም በሉ! ከእናንተ መሐል ይህን ያነበበ አለ?» አለ። «እኔ አንብቤዋለሁ። ክህደት ፍለጋ ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቆዳው በኖራ ውስጥ ሲነከር አነበብኩት። ሚስቴ ይህ ሰው ልቡን አጣ አለች። ስሙ ሦስት ነው፤ ውስጡ ግን አንድ ነው፤ እስከ ኮማው ድረስ። ንጉሥ የለበትም። ጥጃ አለበት፣ ግን አንድ ራስ ነው ያለው፤ መርከብ ሲገባ ቆጥሬዋለሁ።»

ከዚያ ምዕራፍ ሰባትን ገልጦ አንድ ገጽ አነበበ። የሚለውን አልነግርሽም። አጋማሹ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ወደ ፊቱ አስጠግቶ በዝግታ ማንበብ ጀመረ። ጠርሙስ የያዘ ሰው ሁሉ ጠርሙሱን ያዘ እንጂ አልጠጣም።

ሲጨርስ ፍርዱን ተናገረ፤ «መጽሐፉ አሰልቺ ነው። ነገር ግን ማሰልቸት በፓርላማው ሕግ ወንጀል አይደለም። ቄስ ዊንትል ነጭ ቀሚሱን ይተውና በደብሩ ይቆይ።»

እኔ አመስግኜ ልነሣ ስል ከጥቁሩ ካባ ውስጥ አንድ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቀይ የሱፍ የሌሊት ቆብ። «ሚስቴ ናት የሠራችው» አለ፤ ዓይኑን መስኮቱ ላይ አድርጎ። «ይልበሱት፣ አባቴ። ብርድ ነው።» ሰገነቱ ምኑም አልገባውም። ቆዳ ፋቂ ለቄስ ቆብ የሚሰጥበትን ምክንያት የሚያውቀው ምዕራፍ ሰባትን እስከ መጨረሻው መስመር ያነበበ ብቻ ነው።

እንግዲህ በመላው እንግሊዝ አንድ አንባቢ አገኘሁ፤ እሱም ጠላቴ ነበር። አሁን ለብሼው ነው የምጽፍልሽ። አልተቀየምኩሽም፣ ልጄ። ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፤ እሱም እያለፈ ነው።

አጎትሽ አምብሮዝ


ለንደን፤ የመከር በዓል ዋዜማ፣ 1644

ይድረስ ለአባት ምትክ ለአጎቴ ለቄስ አምብሮዝ፤

ኖክስ መንገዱ ስለተዘጋ አልሄድም ብሏል፤ ይህ ደብዳቤ መቼ እንደሚደርስዎ አላውቅም። ምናልባት ፍርዱ ያልፍ ይሆናል። ቢባረሩም ባይባረሩም ፎቁ ላይ ያለው ክፍሌ የእርስዎ ነው፤ ማርጀሪም ድስቶቿን ይዛ ትምጣ።

የፓርላማው ፈታሾች መጥተው ነበር። ያለ ፈቃድ ያተምኩትን ሁሉ ጭነው ወሰዱ፤ የማተሚያውንም እጀታ ነቅለው ሄዱ። የእርስዎን ክምር አይተው «ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ። «የአጎቴ መጽሐፍ» አልኳቸው። አዝነው ተዉልኝ። እንጀራዬን አጥቼ ቁጭ ባልኩበት ቤት ውስጥ እርስዎና እኔ ብቻ ቀረን። ምስክርነቱን ለመጻፍ ከመጀመሪያው ቅጠል ጀመርኩ።

አልደብቅዎትም፣ ያን ጊዜ ነው የጀመርኩት። ሲታተምም ልብ ብሎ ያነበበው የለም፤ አንዱ ፊደል ለቃሚዬ ሆላንዳዊ ነው፣ ሌላው ሰካራም፤ ያረመው ተማሪም ተኝቶበታል። እኔ ሦስት ስም አወጣሁለት እንጂ አንድ ቀን አልከፈትኩትም። እርስዎም ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር፤ ዓሣ ሲደርስዎ ነው ያወቁት።

ምዕራፍ ሰባት እንዲህ ይላል፤ «የወንድሜ ልጅ ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ እናቷን በቀበርን ሳምንት፣ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ጠየቀችኝ፤ መርከቡ ውስጥ ያልገቡት ሰዎች የመጨረሻዋን ማታ ምን ሠሩ? ሊቃውንቱን ሁሉ አገላበጥሁ፤ ስለ እንጨቱ ርዝመት ጽፈዋል፣ ስለዚህ ግን ዝም ብለዋል። እኔ የሚመስለኝ እራት በሉ፤ በር ቀረቀሩ፤ ልጆቻቸውን አልብሰው አስተኙ፤ አንዲት እናትም ዝናቡን ሰምታ የልጇን ብርድ ልብስ ወደ ላይ ሳበች። እግዚአብሔር ይህችን እናት አላያትም ብዬ ማመን አልቻልኩም። ይህን መጽሐፍ ሁሉ የጻፍኩት ለዚያች ልጅ መልስ ለመስጠት ነው፤ ከአዳም የጀመርኩት ድፍረት እስካገኝ ነው።»

ከሥሩም፤ «አንባቢ ሆይ፣ እስከዚህ ከመጣህ ወዳጄ ነህ። ቤቴ ብርድ ነው፣ ራሴም መላጣ ነው። ቀይ የሱፍ የሌሊት ቆብ ላክልኝ፤ ማንበብህን በዚያ አውቃለሁ።»

ጥያቄውን መጠየቄን ረስቼው ነበር፣ አጎቴ። አለቀስኩ፤ ሆላንዳዊው ስለ እጀታው መሰለውና አብሮኝ አለቀሰ።

ቆቡን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ለድሆች ልብስ ትሠራ የነበረችው የሐዋርያት ሥራዋ ዶርቃ ብታየው ታፍርብኛለች፤ በአንድ ጆሮ በኩል ይጠብባል፣ በሌላው እስከ ትከሻ ይወርዳል። አብሮት አንድ ቅጠል ልኬያለሁ። እጀታው ሲመለስልኝ የማትመው አምስተኛው ስም ነው፤ «አንዲት ልጅ ለጠየቀችው የተሰጠ መልስ»። እንደማይሸጥ አውቃለሁ።

ምዕራፍ ስምንትን ጀምሬያለሁ።

ዶርቃ